ሠዓሊ ይርጉ ስለ ዓሣ አጥማጁ ሁለተኛ ዓይን የዘመቱት ዘመቻ

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ኮሮላዪቱ ሁለት መቶ ሺህ ማይል በሞላች በሁለተኛው ዓመት፣ በዋይሊ ከተማ ያለው የቤታቸው ጣሪያ በበረዶ በተወቀጠ በስድስተኛው ወር፣ የባሕርና የደመና ሠዓሊ፣ የኤርፖርት ሻትል አሽከርካሪ፣ የወይዘሮ ፀደንያ ባል፣ ገናናው ይርጉ እንድሪያስ ስለ አንዲት ዓይን ዘመቱ። የዘመቱበትም ምክንያት ይህ ነው።

አስቀድሞ በሐምሌ ወር፣ እኒህ ሠዓሊ ባሕር አይተው ስለማያውቁ፣ ኮሮላዪቱን አስነሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ወርደውም ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ አሥራ አንድ ቤትና ቁጥር የሌላቸው የባሕር ወፎች ካሉባት የዓሣ አጥማጆች መንደር ሲደርሱ፣ ዲናሞዋ ተቃጥሎ መኪናዪቱ አሸዋው ላይ ቀጥ አለች። ያን ጊዜ ሬይ የሚባል ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በፒክአፑ ጎትቶ ከደጃፉ አደረሳቸው፤ ዲናሞው ከከተማ እስኪመጣም ሁለት ቀን አሳደራቸው፣ ዓሣ ጠብሶ አበላቸው፣ ከየት መጣህ ብሎ እንኳ አልጠየቃቸውም። በበረንዳው ላይ የእንግዳው ወንበር በስተቀኝ ስለነበረ፣ ሬይም ከባሕሩ ላይ ፊቱን ስለማያዞር፣ ይርጉ ሁለቱን ቀን ሙሉ የቀኝ ጉንጩን ሲያዩ ዋሉ።

ልባቸውም ስለተነካ፣ ወደ ዋይሊ ተመልሰው በጋራዣቸው ሸራ ወጠሩ፤ ቁመቱ አራት ክንድ፣ ወርዱ ስድስት ክንድ። ባሕሩን ሣሉ፣ ቤቶቹን ሣሉ፣ ወፎቹን ሣሉ፤ በመካከልም ሬይን ከጀልባው ውስጥ መረብ ሲስብ ሣሉት፣ በጎን። በጎን መሣላቸውም ምሥጢር ነበረው። ገናናው ይርጉ የሰው ፊት መሣል አይችሉም ነበር። ሰውን ፊት ለፊት ማየት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሳፍራቸዋል፤ የሻትሉንም ሥራ የወደዱት ተሳፋሪው ሁሉ ከኋላቸው ስለሚቀመጥ ነው። ለጠየቃቸው ሁሉ ግን የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ነኝ ይሉ ነበር፤ እውነቱን የሚያውቁ ፈጣሪና ፀደንያ ብቻ ነበሩ።

ሥዕሉንም በጎረቤቷ ከተማ በፕሌኖ አዲስ ለተገዛው የሰንበቴ አዳራሽ አበረከቱ። ሽማግሌዎቹም፣ ሐዋርያት ዓሣ አጥማጆች ነበሩና መልካም ነው ብለው፣ ደግሞም ግድግዳው ላይ ከኤሲው የወረደ ቢጫ እድፍ ነበረና፣ በጥቅምት አንድ ቀን፣ በዕለተ እሑድ ሰቀሉት። ያን ጊዜ የሰንበቴዋ እናት ወይዘሮ ዓለምጌጥ፣ ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ለጥቅምት አሥራ ሁለት ኦፕራሲዮን የተቀጠሩ፣ በቀኝ ዓይናቸው ግን ዝንብ የማያመልጣቸው፣ ሳህናቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ተጠግተውም መረመሩ። በአበው ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ ባንድ ዓይናቸው ይሣላሉ። ስለዚህ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ስማ፣ ያልሰማህ ከጎንህ ያለውን ጠይቅ! ልጄ ይርጉ፣ ተባረክ፤ ባሕሩ ባሕር ነው። ይሄ ባለ ጀልባ ግን ባለ አንድ ዓይን ነው፤ እኔ ደግሞ ይሁዳ እያየኝ ምሳ አልበላም! እስከ ጥቅምት አሥራ አምስት ሁለተኛ ዓይን ይውጣለት፤ ካልወጣለት እድፉ ይሻለናል!»

ሥዕሉም ወረደ። ይርጉም በጉባኤው ሁሉ ፊት ጫማቸውን አዩ። ያቆሰላቸው የራሳቸው ውርደት አልነበረም፤ ጎትቶ ያዳናቸውን፣ ጠብሶ ያበላቸውን ሰው ይሁዳ አድርገውት ተገኙ።

በጋራዡም ሦስት ጊዜ ገጠሙ፣ ሦስት ጊዜም ተሸነፉ። በመጀመሪያው ውጊያ አዲሱ ዓይን ከጆሮው አጠገብ ዋለ፤ በሁለተኛው ሬይ ራሱ ያጠመደውን ዓሣ መሰለ፤ በሦስተኛው የቀድሞ ሱፐርቫይዘራቸውን መሰለና ደንግጠው በሰማያዊ ቀለም ደፈኑት። ያን ጊዜ ወይዘሮ ፀደንያ ከጋራዡ በር ላይ ቆመው አወጁ፦

«ይርጉ! ዊንተር እየመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ መኪናዬን ውጭ ፓርክ ማድረግ ሰልችቶኛል። ከጭንቅላትህ ዓይን አይወጣም፤ ሂድና ሰውየውን እየው! ሶ፣ ፍራይዴይ ኦፍ ነህ አይደል? ኦኬ፣ ሳንድዊቹን እኔ እሠራለሁ።»

በጥቅምት አሥራ ሦስት ቀን፣ ዓርብ፣ ጎሕ ሲቀድ ከዋይሊ ተነሡ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ ወዳጃቸው ባለ ቫኑ ዩኑስ፣ የመጋዘን ጀግና፣ የገመድ ሊቅ፤ አሥራ ሁለት ብሩሽ፤ ሁለት ጋሎን ውሃ፤ የፀደንያም ሳንድዊች በፌስታል። ሸራው ከቫኑ ረዝሞ የኋላው በር አልዘጋ ስላለ፣ ዩኑስ በገመድ ጠፍሮ ከጫፉ ቀይ ጨርቅ አንጠለጠለ፤ አወጀም፦ «ሃይዌይ ላይ ከስድሳ በላይ አልነዳም! ፖሊስ ስቶፕ ካደረገን፣ ማለቴ፣ ባሕሩን የጫንከው አንተ ነህ!»

ዌኮ ሰፍረው ነዳጅ ቀዱ። ከዌኮ ተነሥተው ኦስቲን ሲደርሱ ትራፊኩ ስላገታቸው፣ ቆመው ሳንድዊቹን ፈጁት። ከሳን አንቶኒዮ ወዲያ ጽኑ ነፋስ ተነሥቶ ሸራውን ነፋው፤ ዩኑስ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዱዓ አደረገ፣ ይርጉም አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ ገመዱም ጸና። በአሥር ሰዓትም ከመንደሯ ገቡ።

ሬይ በበረንዳው ላይ ነበር፤ ባዶው ወንበርም በቀኙ። ይርጉ ግን በዚያ አልተቀመጡም። ወንበሩን አንሥተው በሬይና በባሕሩ መካከል አኖሩት፤ ተቀምጠውም ቀና አሉ። እነሆም፣ የሬይ ግራ ዓይን የለም። ከብዙ ዘመን በፊት መንጠቆ ወስዶት፣ የዓይኑ ቆብ ተከድኖ ቀርቷል። ዩኑስ ሣቁን ሊቀብር ወደ ቫኑ ሮጠ።

በይርጉም ላይ ታላቅ ፈተና ወደቀ። አንድ ዓይን ፈጥረው ቢሰጡት ሥዕሉ ይሰቀል ነበር፣ የሚያውቅባቸውም አልነበረም። ሬይ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሙሉ ሰጣቸው፤ እርሳቸውም በእንዲህ ያለ ፊት ላይ መዋሸት አልሆነላቸውም። በማግስቱ ከማለዳ እስከ አምስት ሰዓት ሣሉ። በዕድሜያቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፊት ሆነ፣ አንዱ ዓይን እያየ፣ አንዱ ተከድኖ። ሬይም መርምሮ፣ በአገሩ ቋንቋ «ጀልባዋን አሳምረሃታል» ብሎ አወጀ።

በጥቅምት አሥራ አምስት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ በአዳራሹ ተገለጠ። ጉባኤው ዓይን ቆጠረ፤ አሁንም አንድ ነው። ወይዘሮ ዓለምጌጥም ከመካከል ወጡ፤ ሐሙስ ዕለት ሞራው ተገፍፎላቸው ግራ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ነበር። ከሬይ ፊት ቆሙ፤ ብዙም ቆሙ። ያን ጊዜ አዋጅ አስነግረው የማያውቁት ይርጉ፣ ጫማቸውን ሳይሆን ሴትዮዋን እያዩ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«እማማ፣ አንደኛውን ዓይኑን መንጠቆ ወስዶታል። እኔን መንገድ ላይ ወድቄ ያየኝ በቀረው ነው።»

ወይዘሮ ዓለምጌጥም ፋሻቸውን ዳሰሱ፤ ያልታሰረው ዓይናቸውም እንባ ሞላ። ወደ ጉባኤውም ዞረው አወጁ፦

«ስሙ! እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ባንድ ዓይን ስፈርድ ማን ይሁዳ አለኝ? ይሰቀል! የኔንም ወንበር ከፊቱ አድርጉልኝ፤ እያየኝ እበላለሁ።»

ተሰቀለም፤ እድፉ ጠፋ፤ የፀደንያም መኪና በክብር ጋራዥ ገባች። ይርጉም ከዚያ ቀን ወዲህ መሪውን ከመጨበጣቸው በፊት ዞረው የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ እያዩ ደህና አደራችሁ ይሉ ጀመር፤ በዚህም ሻትሉ ሁልጊዜ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይዘገያል። ይርጉ ሆይ፣ የዋይሊ መመኪያ፣ የነፋስና የትራፊክ ድል አድራጊ፣ ሁለት ዓይን ሊያመጡ ዘምተው አንድ ፊት ይዘው የተመለሱ፣ ስምዎ እንደዚያ ባሕር ይስፋ፤ የሚያይዎትም ሰው አይጡ።