ለማይታይ ስንጥቅ የሚሆን አሸዋ

ገማች የሌለበት ሰፈር የለም። በሬ ሲያይ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚወጣው፣ ድንኳን ሲያይ ስንት ሰው እንደሚይዝ ሳይናገር ካለፈ ያመዋል። የሱሉልታው ክቡር ገማች ኢንጂነር ባርናባስ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ። ለቅሶ ቤት ገና ሳይቀመጡ አግዳሚው እንደሚያንስ ይናገራሉ። ሠርግ ላይ ከሙሽራዋ ይልቅ የድስቱን ጥልቀት ያያሉ። ወጡ ቢያልቅ እንኳ፣ «ግምቱ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው በላተኛው ነው» ይላሉ።

የሰፈሩ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሺሃረግ ታዝባቸው ነው የኖረችው። የሰፈሩ ጉድጓድ ደክሞ ውሃው ሲያንስ ግን መላ ያመጡት እሳቸው ነበሩ፦ በከባድ ግፊት ውሃ ወደ ታች ልኮ ዓለቱን መሰንጠቅ፣ ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይገጥም ደግሞ አሸዋ መሙላት። አሸዋው ካነሰ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከበዛ ጉድጓዱ ይታነቃል።

«ማንም ያላየውን ስንጥቅ እንዴት ይለኩታል?» አለቻቸው።

«መጀመሪያ ውሃ ብቻ እንልካለን። ፓምፑ ሲቆም የግፊቱን አወራረድ አይቼ ዓለቱ የመጠጠውን እቀንሳለሁ። የቀረው የስንጥቁ ሆድ ነው።»

ነገሩ ከልቧ አልወጣ አለ። ሙከራው ሲደረግ ከጎናቸው ቆማ የግፊት መለኪያው መርፌ ሲወርድ አብራ አየች።

አሸዋው ግን አልመጣም። ታኅሣሥ 2008 ነው፤ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ በርትቶ አሸዋው የሚመጣበት የጫንጮ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። በቅርብ አሸዋ ያለው የሰፈሩ አዛውንት ኦቦ ጉተማ ግቢ ብቻ ነበር። ለልጃቸው ቤት ሊሠሩበት ያስመጡት ነው፤ ልጁ ደግሞ በዚያው ሰሞን ታስሯል።

ሁለቱ አብረው ሄዱ። «አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ። ባርናባስ ክምሩን በዓይናቸው ሲለኩ የሺሃረግ አይታ አፈረች። ኦቦ ጉተማ ግን ቀደሟቸው።

«ሁሉን ይገምታሉ አሉ። ልጄ መቼ የሚፈታ ይመስልዎታል?»

ባርናባስ ዓይናቸውን ከክምሩ ነቀሉ። «ይሄን አላውቅም፣ ኦቦ» ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። የአሸዋ ነገር ሁለቱም ጨርሶ አላነሱም።

ሊሄዱ ሲነሱ ኦቦ ጉተማ የመጡበት ገብቷቸው ኖሮ ራሳቸው ወደ ክምሩ ጠቆሙ። «ውሰዱት። ቤቱ ይደርሳል፤ ሰው ውሃ ይጠጣ።»

አሸዋውን አጥበው፣ በወንፊት ነፍተው ከውሃ ጋር ወደ ስንጥቁ ላኩት። ከተገመተው ያንስ ነበርና ጉድጓዱም ከተባለው ያነሰ ሰጠ፤ ቢሆንም ለሰፈሩ ተዳረሰ። ልጁ ገና አልተፈታም።

ባርናባስ ከሰዓት በኋላ እነ ኦቦ ጉተማ ዘንድ መሄድ ለመዱ። አንድ ቀን የሺሃረግ ውሃ ቀድታ ስታልፍ አየቻቸው፤ ሁለቱም የግቢውን በር ይመለከታሉ። ጀሪካኗን አስቀምጣ ገባች። ባርናባስ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።