የጋሽ ማልዴ መርገጫ

ሙዚየም ማለት በሕይወት የሌለ ዕቃ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጨንቅበት ቤት ነው። አትሳቁ፤ ተጨንቄበት ነው የምናገረው። ዕቃውማ ምን ቸገረው? መደርደሪያ ላይ ተጎልቶ አቧራውን ይለብሳል። መከራው ያለው "ይህ ምንድን ነው?" ተብሎ የሚጠየቀው ሰው ላይ ነው። እኔ ደግሞ በደርግ ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት ለማይሞላ ጊዜ፣ ያ ሰው ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው ሽሮ ሜዳ፣ የቁስቋም ዳገት ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው ባለች ቀበሌ ነው። ዳገቱን የማታውቁት እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳችሁ፤ ከላይ ድንች ያመለጠው ሰው አራት ኪሎ ወርዶ ቢጠብቀው ተቀቅሎ ይደርስለታል።

ቀበሌያችን ከአንድ ባለ ትርፍ ቤት የተወረሰ ሰፊ ሳሎን ነበረው። መጀመሪያ ስኳር ታደለበት፤ ቀጥሎ ስብሰባ ተካሄደበት፤ ስኳሩ ጠፍቶ ስብሰባው ሲበዛ ደግሞ የባህልና ትምህርት ኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ታምራት አንድ ሐሳብ አፈለቀ። "የአካባቢያችን ልጆች ታሪካቸውን በጆሯቸው ብቻ ሳይሆን በዓይናቸው መማር አለባቸው" አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው። ሳሎኑ የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም ይሆናል፤ በየቅዳሜው ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ዕቃ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይማራሉ ተባለ። እያንዳንዱ አባወራ እስከ ረቡዕ አንድ የድሮ ዕቃ ይዞ እንዲቀርብ፣ ያላቀረበም የጠፋው ስኳር ሲመጣ እንደማይደርሰው ማስታወቂያ ተለጠፈ።

መዝጋቢም አስጎብኚም ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ታሪክ ስለማውቅ እንዳይመስላችሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። በዚያ ዘመን የእጅ ጽሑፉ ያማረ ሰው ያልተሾመበት ሥራ አልነበረም። የእኔ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያምር ኖሮ ቀዶ ጥገና ያሠሩኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሕዝቡ ጓዳውን ገልብጦ መጣ። የከሰል ካውያ፣ አፉ የተደፈነ ፕሪመስ፣ አንድ እግሯ የጎደለ በርጩማ... አንዲት እናት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ባለ አበባ የሸክላ ዕቃ አመጡና "ጌቶች ቤት ሳገለግል ከአልጋ ሥር ነበር የሚቀመጠው" አሉ እየተሽኮረመሙ። ከአልጋ ሥር የሚደበቅ ነገርማ ውድ መሆን አለበት ብዬ "የመኳንንት የሾርባ ሳህን" ስል ጻፍኩበት። ፖፖ መሆኑ የታወቀው ሁለት የኮሚቴ አባላት ለስብሰባው ምሳ ሾርባ ይቅረብበት አይቅረብበት ብለው ግማሽ ቀን ከተከራከሩ በኋላ ነው።

ከዚያ ጋሽ ማልዴ ገቡ። ጋሽ ማልዴ ከእኛ ቤት ሁለት በር ዝቅ ብለው የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው፤ ጥለት ሲያወጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ይባላል፤ እኔ እንዲያውም ተኝተው ነው እላለሁ። ከአገልግሎት ብዛት የተነሣ የሚያብረቀርቁ ሁለት አጫጭር እንጨቶች ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ።

"ስሙ ማን ይባላል?" አልኳቸው ብዕሬን ደቅኜ።

"መርገጫ።"

"ምን ያደርጋል?"

"ይረገጥበታላ።"

"ማን ነው የሚረግጥበት?"

"እኔ ነኛ። አባቴም ሲረግጥበት ነው የኖረው። አያቴም።"

እንዳሉት አድርጌ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ አሰፈርኩት፦ "መርገጫ። ይረገጥበታል። የባለንብረቱ አባትና አያት ሲረግጡበት ኖረዋል።" የሽመና ዕቃ ነው ብሎ መጨመር ለሽሮ ሜዳ ሰው ስድብ መሰለኝ። እዚህ ሰፈር ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ መርገጫውን ቀኝ ግራ እያለ ሲሠራ ያላየ የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከብዕር የወጣማ ገደል ነው።

"ቅዳሜ ትመልስልኛለህ አይደል?" አሉኝ። "የልጄ የብዙነሽ ቀሚስ ግማሹ ድሩ ላይ ነው። ሠርጓ ከቅዳሜው በኋላ አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚቀረው። ቤቴ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ይኸው ብቻ ስለሆነ እንጂ አላመጣውም ነበር።"

"ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እጅዎ ይገባል። ቃሌ ነው" አልኳቸው።

ዓርብ ጠዋት ጓድ ታምራት ዝግጅቱን ሊያይ መጣ። ጓድ ታምራት ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፤ ሸማ ከሱቅ ሳይሆን ከሸማኔ ጉድጓድ እንደሚወጣ የነገረው የለም። ካውያውን አለፈ፣ በርጩማዋን አለፈ፣ መርገጫው ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ቆቡን አወለቀ።

"ጓድ ጸሐፊ... በዚህ ነው የተረገጠው?"

"ይረገጥበታል ነው ያሉኝ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ለሦስት ትውልድ።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ስንት ዓመት ሙሉ ሕዝቡ ተረገጠ፣ ተረገጠ እያልን ስንናገር መርገጫውን አይተነው አናውቅም ነበር እኮ" አለ።

ለምን ዝም አልክ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ በዚያ ዘመን "ጓድ፣ ተሳስተዋል" ያላችሁበትን ቀን ንገሩኝና እኔም ምክንያቴን እነግራችኋለሁ። አፌን እስክከፍት መርገጫው ቀይ ጨርቅ ተነጥፎለት መሐል ሳሎን ተሰይሟል። ሰኞ ደግሞ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛው ማለት ነው፣ ለትልቁ ኤግዚቢሽን እንዲላክ ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤውን የጻፈው ማነው? የእጅ ጽሑፉ ያማረው።

"በነገራችን ላይ" አለ ጓድ ታምራት ሊወጣ ሲል፣ "ሦስት ትውልድ ሙሉ የረገጠ ቤተሰብ እዚህ ቀበሌ ውስጥ አለ ማለት ነው?"

"እ... ማለቴ... እናጣራለን" አልኩት። ላቤ ከጀርባዬ ተነሥቶ ካልሲዬ ገባ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጋሽ ማልዴ ቤት ሄድኩ። ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያለ ሥራ አንጠልጥለዋል። ግማሹ ቀሚስ ድሩ ላይ ተወጥሮ ያየኛል። መርገጫው ሰኞ ሊሄድ መሆኑን ነገርኳቸው። ፊውዳል ሊባሉ ምንም እንዳልቀራቸው ግን ዋጥኩት።

"እንጨት አይደለም እንዴ፣ ጋሽ ማልዴ? ሌላ ቢቆርጡስ?"

"አንተ የሰው እግር ተውሰህ ትሄዳለህ?"

"እሱማ..."

"እግሬ የሚያውቀው ያንን ነው። ግማሹ በአባቴ መርገጫ፣ ግማሹ በሌላ ከተሠራ ቀሚሱ ራሱ ያሳብቃል። ከወገብ በላይ ሌላ ሰው፣ ከወገብ በታች ሌላ ሰው የሠራው ይመስላል።"

ልጃቸው ብዙነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። "ግድ የለም፣ በግማሹ እዳራለሁ" አለች ወደ እኔ እያየች። "ሙሽራው የትኛውን ግማሽ እንደሚመርጥ ብቻ ሄደህ ጠይቅልኝ። ጽሑፍህ ያምር የለ፣ መልሱን መዝግበህ ታመጣለህ።"

"አንቺ፣ ዝም በይ" አሉ ጋሽ ማልዴ ሳቃቸውን በሳል እያለበሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ቃል ሰጥተኸኛል። ነገ ስድስት ሰዓት እመጣለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት መምህርት ጸዳለ የአምስተኛ ክፍል ልጆቿን አሰልፋ መጣች። ቁጥራቸው ስልሳ ሦስት ነው፤ ጫጫታቸው ግን የስድስት መቶ ነበር። እኔ ካውያውን አስረዳሁ፣ ስለ ፕሪመሱ የማላውቀውን ሁሉ ተናገርኩ፣ ፖፖው ጋ ስንደርስ "እዚህ አንቆይም" አልኩ። መሐል ሳሎን ላይ ግን ጓድ ታምራት ራሱ ተረከበኝ።

"ልጆች" አለ ድምፁን አወፍሮ፣ "ይህን መሣሪያ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።"

ማንም እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበር። ስልሳ ሦስት እጅ ወጣ። ሁለት ሁለት ያወጡም ነበሩ።

"ስሙስ?"

"መርገጫ!" ሲሉ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

"አየህ?" አለኝ በጆሮዬ። "ንቃት ማለት ይህ ነው።" ከዚያም ጣቱን ቀስሮ ጠየቃቸው፦ "በዚህስ ሲረግጥ የኖረው ማነው?"

"አባቴ!"

"የእኔም አባት!"

"የእኔ አባትም፣ አጎቴም፣ ወንድሜም!"

"አባቴ ጠዋት ከቁርስ በፊት ይረግጣል" አለች አንዲት ከፊት የቆመች ልጅ በኩራት።

"የኔ አባት ከሷ አባት በላይ ነው የሚረግጠው። በዓል ሲደርስማ ምሳም አይበላም።"

ጓድ ታምራት ደብተሩን አውጥቶ ስም መመዝገብ ጀመረ። ሃያ ላይ ሲደርስ እጁ ዛለ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ "ጓድ ጸሐፊ፣ ረጋጩ ይህን ያህል ከሆነ የተረገጠው ማነው ታዲያ?" አለኝ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከባለሥልጣን አፍ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

መምህርት ጸዳለ ነገሩ ገብቷት ኖሮ ፊቷን ሳታንቀሳቅስ፣ "ልጆች፣ እንዴት እንደሚረገጥ ለጓድ አሳዩአቸው" አለች።

ስልሳ ሦስቱም ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ። እግራቸውን ዘረጉ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ... በእጃቸው የሌለ መወርወሪያ እየወረወሩ፣ በአፋቸው "ጠቅ፣ ጠቅ" እያሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው፤ ጣውላው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፕሪመሱ ወደቀ። የመኳንንቱ ሾርባ ሳህን መደርደሪያው ላይ ወደ ጫፍ ጉዞ ጀመረና በአየር ላይ ያዝኩት። ጓድ ታምራት አመፅ የተነሣ መስሎት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ማልዴ ገቡ። በልጆቹ መሐል አለፉ፣ መርገጫቸውን ከቀይ ጨርቁ ላይ አነሡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ብብታቸው ሥር አደረጉት።

"ወዴት ነው?" አለ ጓድ ታምራት ከግድግዳው።

"ልረግጥ።"

"ማንን?"

"ማንን አሉኝ? የልጄን ቀሚስ ነዋ።"

ጓድ ታምራት የልጆቹን እግር አየ፣ የጋሽ ማልዴን እግር አየ። ነገሩ ከእግር ተነሥቶ ወደ ጭንቅላቱ ሲወጣ ቆሜ ተመለከትኩት፤ ዳገት ስለሆነ ቆየ። ሲደርስ ግን ጆሮው ቀላ። ቢሆንም ሊቀመንበር በተማሪ ፊት አይሳሳትም።

"ለከፍተኛው ተጽፏል። የተመዘገበ ንብረት ከቦታው አይነሣም" አለ።

"ጓድ" አሉ ጋሽ ማልዴ ቀስ ብለው፣ "በመሠረተ ትምህርቱ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን? ማምረቻ መሣሪያ በላብ አደሩ እጅ መግባት አለበት ብለው አስጽፈውናል። ይኸው ማምረቻው፤ ይኸው ላብ አደሩ። የሚነጥቀኝስ ማን ሊባል ነው?"

በዚያ ዘመን "ላብ አደር" የሚለውን ቃል የሰማ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ያጨበጭባል። ልጆቹ አጨበጨቡ። መምህርት ጸዳለ አጨበጨበች። ጓድ ታምራትም ልማድ ነውና አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡን ያወቀው ከጨረሰ በኋላ ነው። ካጨበጨቡ በኋላ መከልከል ደግሞ የት አገር አለ? ጋሽ ማልዴ ጭብጨባው ሳይበርድ ወጡ።

በሳምንቱ እሑድ ብዙነሽ ከወገብ በላይም ከወገብ በታችም የአንድ አባት ልጅ ሆና ተዳረች። ጥበቧን ያየ ሁሉ አፉን ይዟል።

ቀይ ጨርቁ ግን ባዶውን ቀረ። ሠርጉ ሳይደርስ፣ በዚያው ሰኞ፣ መርገጫውን ሊወስዱ ከከፍተኛው ሰዎች ሊመጡ ነው። "አጭር አድርገህ እውነቱን ጻፍ" አለኝ ጓድ ታምራት። እግዜር ይመስክር፣ በንጹሕ ልብ ጻፍኩ፦ "መርገጫ። ለጊዜው ሥራ ላይ ስለሆነ ለእይታ አልቀረበም።" ጓድ ታምራት ሦስት ጊዜ አነበበው። "ትክክል ነው" አለና የቀበሌውን ማኅተም መታበት።

የከፍተኛው ሰዎች መጡ፣ አነበቡ፣ ተያዩ፣ ወጡ። በቀጣዩ ቅዳሜ መምህርት ጸዳለ ለሌላ ክፍል ልጆች ጮክ ብላ ልታነብ ጀምራ መሐል ላይ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ነው እኔም የጻፍኩትን በዓርቡ የጓድ ታምራት ዓይን ያነበብኩት። ልገነጥለው እጄን ዘረጋሁ፤ ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያለ ሌላ ማኅተም አይነሣም፤ ሌላ ማኅተም ለመጠየቅ ደግሞ ምክንያቱን መናገር ያስፈልጋል። ማን ይናገር?

እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፣ የቀበሌው ስም ተለውጧል፣ የሳሎኑ ቀለም እንኳ ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ያቺን ወረቀት ያነሣ ሰው መኖሩን ግን እስካሁን አልሰማሁም።