ጋሼ አውቃለሁ እና ጥቁሩ መነጽር

በየሕክምና ቤቱ መጠበቂያ ወንበር ላይ ከሐኪሙ የሚበልጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ነጭ ጋውን አይለብስ እንጂ የሁላችንንም በሽታ ከነመድኃኒቱ ያውቃል። የቆዳ በሽታ በብርሃን በሚታከምበት ክፍል ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ምንም ቢነገራቸው መልሳቸው «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ስለሆነ፣ ከኋላቸው «ጋሼ አውቃለሁ» እንላቸዋለን። አምፖል ሊቀይር የመጣውን ባለሙያ እንኳ «ገልብጠህ ነው የገጠምከው» ብለው መልሰው አስፈትተውታል።

ሁለታችንም ለምጽ አለብን። የእሳቸው እጃቸውና አንገታቸው ላይ ነው፤ የእኔ ዓይኔን ዙሪያውን ከቦታል። በሳምንት ሁለቴ፣ በየተራ፣ ቁም ሣጥን የሚያክልና ውስጡ ረጃጅም አምፖሎች የተደረደሩበት ሣጥን ውስጥ ልብሳችንን አውልቀን እንቆማለን። ከዚያ በፊት ሲስተር ጥቁር መነጽር ታስርልናለች። ጋሼ ደግሞ ቆዳቸው ብርሃኑን እንዲቀበል ክኒን ስለሚውጡ ምክሩ ይጠናባቸዋል።

«ጋሼ፣ ክኒኑ ዓይንዎ ውስጥም ይገባል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መነጽር እንዳያወልቁ።»

«አውቃለሁ! አንቺ ሳትወለጂ ነው ያወቅሁት።»

ከግቢው ሳይወጡ አውልቀው ኪሳቸው ይከቱታል። «ጥቁር መነጽር ደንቅሮ የሚሄድ ወይ ሌባ ነው ወይ ባለ ዕዳ» ይሉኛል። ስድስት ዓመት እንዲህ ተመላለሱ።

አንድ ጠዋት ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ልጄ፣ ለምጹ ያለው ዓይንህ ዙሪያ። መነጽሩ የሚሸፍነው የዓይንህን ዙሪያ። ታዲያ ብርሃኑ በየት ገብቶ ያድንህ? አውልቀህ ጨፍን!»

እውነት ለመናገር፣ ከሐኪሙ ማብራሪያ ሁሉ ይልቅ ይህ ገባኝ። መስታወት ፊት መቆም ከተውኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሲስተርን ሳልጠይቅ፣ ሣጥኑ እንደተዘጋ መነጽሩን ግንባሬ ላይ ሰቀልኩትና ጨፈንኩ። ስንት ሰከንድ እንደቀረኝ ቆጣሪው ላይ ለማየት ግን ዓይኔን ገለጥ አደረግሁ። አንዴ ይመስለኛል። ኧረ ሦስቴ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተሞላ መሰለኝ፤ ቀጥሎ አሸዋው ፍም ሆነ። እህቴ እጄን ይዛ እየመራች ሐኪም ዘንድ አደረሰችኝ። የዓይኔ ገጽ መቃጠሉን፣ ያሁኑ እንደሚድን፣ ከተደጋገመ ግን እንደማይምር ነገረኝ። ሁለት ቀን ዓይኔ ታሽጎ ቤት ተኛሁ።

በሁለተኛው ቀን ጋሼ መጡ። እህቴ መካሪዬ ማን እንደነበረ ታውቃለችና፣ በር ላይ «ደግሞ ምን ቀረዎት?» አለቻቸው። አልፈዋት ገቡ። መጥተው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«አላወቅሁም ነበር ልጄ» አሉ።

ፊታቸው አይታየኝም፤ ድምፃቸው ግን የሌላ ሰው ነበር።

«እኔም አላይም። ሁሉ ነገር ጉም ከሆነብኝ ዓመቱ። የምሰፋው በዳበሳ ነው። ደንበኛ እጅጌው ተዛነፈ ሲለኝ ፋሽኑ ነው እለዋለሁ። ለማን ልንገር?»

ተናድጄባቸው ነበር፤ ምን ላድርግ፣ እጃቸውን ፈልጌ ያዝኩት።

እንደዳንኩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ገብቷል፤ «እርጅናው አለ፤ ያለ መነጽር የዋሉበት ብርሃንም ሳያግዘው አልቀረም» አለ ሐኪሙ። ሞራው ሲገፈፍ ቀኙ መለስ አለ። ግራው ከጀርባው ሌላ በሽታ ተገኝቶበት እንደጨለመ ቀረ። የስፌት መኪናቸውን ሸጡ።

ዛሬ የብርሃን ክፍሉ በር ላይ ይቀመጣሉ። ሕክምናቸውን ካቆሙ ቆይተዋል፤ ማን ቀጠራቸው አትበሉኝ። ሲስተር መነጽር አስራ የጨረሰችለትን ሰው ሁሉ አስቁመው፣ በልብስ ሰፊ ጣታቸው ጠርዙን ይዳብሳሉ። «ይሄ ላልቷል፤ ተመለስ!» የመነጽሬን ላስቲክ ሁለቴ ፈተው ሰፍተውታል። ሰው ተማሯል፤ እኔም ሳልማረር አልቀረሁም።

ባለፈው ማክሰኞ ወንበራቸው ባዶ ሆነ። መነጽሬ በደንብ ታስሮልኛል፤ ሣጥኑ ውስጥ መግባት ግን አቃተኝ። ተራዬን ለሌላ ሰጥቼ ቤታቸው ሄድኩ። ብርድ ልብስ ተከናንበው ተኝተዋል።

«ሐኪም ልጥራልዎ?» አልኳቸው፤ «አውቃለሁ» እስኪሉኝ ጠበቅሁ።

«ጥራልኝ፣ ልጄ።»

እንዲያ ደንግጬ አላውቅም። ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ሮጥኩ።