የሚጥላቸው ያጡት አባቴ
በየከተማው ማንም ሳይልከው አንድ ትምህርት ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ የማይመረቅ አባት አይጠፋም። አንዱ ሬዲዮ ይፈታል፤ መግጠሙን ገና እያጠና ነው። ሌላው መርከብ ሳያይ ስለ መርከብ ያስረዳል። ደብረ ታቦር ላይ ለእኛ ቤት የደረሰን የጃፓኖቹ ትግል ጁዶ ነው።

ሊቀ ጁዶ አቶ ሙላቴ፣ ማለትም አባቴ፣ ነገሩን የጀመሩት በወጣትነታቸው ለፖሊስነት ሲሠለጥኑ ነው። አንድ አሠልጣኝ ለአንድ ክረምት አስተማራቸውና ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ትምህርቱ ማለቁን ለአባቴ የነገራቸው ሰው ግን የለም። ይኸው ጡረታ ወጥተውም ይማራሉ።

የጁዶ ልብሳቸውን ከወፍራም አቡጀዲ አሰፍተውታል። ልብስ ሰፊው "ለቅስና ነው?" ቢላቸው "ከዚያ ይከብዳል" አሉት። ጓሯችን ውስጥ ጭድ የታጨቀበት ትልቅ ፍራሽ አለ፤ ሊረግጡት ሲሉ ጫማቸውን አውልቀው እጅ ይነሳሉ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቱካን መጀመሪያ ያዩ ቀን ጠበል የፈለቀ መስሏቸው አብረው ሰገዱ።

አሁን ደግሞ በስልክ የጁዶ ቪዲዮ ያያሉ። ኔትወርኩ ሁልጊዜ የሚቆመው ተጣዩ አየር ላይ እንዳለ ነው። እናቴ ፈንታነሽ "ምሳ ቀርቧል" ስትላቸው "ቆይ፣ ይህ ሰው ይውረድ" ይላሉ።

ችግሩ ጁዶ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ገሳይ ከተማ ለሰርግ ሄደን የሙሽራውን አጎት "እስቲ ኮሌታዬን ይያዙኝ፣ በዝግታ ነው" ብለው በፍቅር አጋደሟቸው። ሰርጉ ለጥቂት ጊዜ ሽምግልና ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላም የሚላቸው ራቅ ብሎ ነው። እኔንም "ነይ እስቲ ትዝታ" ይሉኛል፤ ሁልጊዜ ሥራ አለብኝ። ስለዚህ ከእህል ጆንያ ጋር ይታገላሉ። ጆንያው አንድም ቀን ጥሏቸው አያውቅም፤ የሚያሳዝናቸውም ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ለሁሉም ክፍት የሆነ የጁዶ ልምምድ መኖሩን ሰሙ። እናቴ "አደራ፣ አጥንታቸውን ይዘሽ ተመለሺ" ብላ እኔን አስከተለች። አዳራሹን የሞሉት ልጆቻቸው የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው። አባቴ አቡጀዲያቸውን ለብሰው ሲገቡ ጥቂቶቹ ሳቁ። አሠልጣኙ ፍሬሕይወት የምትባል ቀጭን ልጅ አቆመላቸው። እጅ ተነሳሱ፤ ተያያዙ። ከዚያ የአባቴን እግር ከአናታቸው በላይ አየሁት።

ልጅቷ ደንግጣ "ውይ ይቅርታ አባባ! ተጎዱ እንዴ?" አለች።

አባቴ ተንጋለው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። ፊታቸው እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

"ልጄ" አሏት፣ "ያችን እግርሽን በየት በኩል አስገባሻት? እባክሽ እንደገና ጣይኝ።"

እስኪጠግቡ ጣለቻቸው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት እናት ማን እንዳሸነፈ ጠየቋቸው። "እሷ ናታ! እንዴት ያለች ልጅ መሰለችዎ!" አሉ አባቴ፣ የወለዷት ያህል ኮርተው።

እኔ የወለዱኝ ደግሞ በመስኮት እያየሁ ቀናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሳይጠሩኝ ጓሮ ወጣሁና ኮሌታቸውን ያዝኩ።

"ምነው?" አሉኝ።

"ይጣሉኝ፣ አባባ።"

ጣሉኝ። ፍራሹ ላይ ስወድቅ መዳፋቸው ቀድሞኝ ከጭንቅላቴ ሥር ደርሶ ነበር።