ጭቃ ያልነካው እግር

ብሩሽ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሠዓሊ ማረም ይችላል። የኛ የኪሻንጋር ሰፈር አራሚ ክቡርነታቸው ጎርዳን-ጂ ይባላሉ፤ "ጂ" በኛ አገር አንቱታ ነው። ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ የተረፋቸውን ቁጥጥር እኔ ላይ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን ደጃፌ ላይ ያወልቃሉ፣ ደህናውን ትራስ ይይዛሉ፣ ሻዬን ይጠጣሉ። ከዚያ ሥዕሌን አይተው "ግን ልጄ፣ ይሄ ፍቅር ነው?" ይሉኛል። ልጃቸው እኔ፣ የልጅ ልጅ ያየሁት ሰውዬ!

ፍቅረኞቹን ሐይቅ ላይ በጀልባ ባንሸራሽራቸው፣ "እሱ እሷን ያያል፣ እሷ እሱን ታያለች፤ ታዲያ ማነው የሚቀዝፈው?" ልዑሉን ሰገነት ላይ ባስቀምጠው፣ "ይሄ ሰውዬ ፍቅረኛውን ነው ምሳውን የሚጠብቀው?" ብግን እላለሁ። ይባስ የሚያናድደኝ፣ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሳየው ልዑሉ እውነትም የራበው ይመስላል።

ዘንድሮ ክረምት ግን አበዙት። በዶፍ ዝናብ ሌሊት ብቻዋን ወደ ወዳጇ የምትሄደውን፣ አባቶቻችን ሲሥሏት የኖሩትን ሴት እየሣልኩ ነበር፤ ከላይ መብረቁ፣ ከታች እባቡ፣ በሂና የቀላው እግሯ። አራት ወር ሙሉ፣ ያውም ከፀጉር በቀጠነ ብሩሽ! ቅዳሜ ጃይፑር ከተማ ለሚከፈተው የሥዕል ኤግዚቢሽን ካልደረሰ፣ ዕድሜ ልኬን ለቱሪስት ዝሆን ስሥል መኖሬ ነው።

ጎርዳን-ጂ አጎነበሱና "ጭቃውስ?" አሉ።

"የምን ጭቃ?"

"በዚህ ዝናብ እግሯ እንዲህ የጸዳው በርራ ነው የመጣችው?"

"አባቴም አያቴም ጭቃ ሥለው አያውቁም!"

"እነሱም ተሳስተዋላ።" ይህን ብለው አውራ ጣታቸውን ቡናማው ቀለም ውስጥ ነክረው ተረከዟን ለቅለቅ አያደርጉትም? እስቲ ፍረዱኝ!

ደሜ ፈላ። "ውጡልኝ! ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይዎት!" ጫማቸውን እንኳ ሳያደርጉ ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

ባለቤቴ ሱሺላ ታዝንልኛለች ብዬ ብነግራት ጮኸችብኝ። "አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሚስታቸው ኬሳር-ጂ እንዴት እንደመጡላቸው አልሰማህም? የሴትየዋ አባት ቢከለክሏቸው፣ በጎርፉ ዓመት ባቡር ጣቢያው ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው! እግራቸውን ያጠቧቸው ጎርዳን-ጂ ናቸው። ይኸው ኬሳር-ጂ ከሞቱ ገና ዓመታቸው ነው።"

ጭራሽ ተናደድኩ። ታዲያ እንዲህ ነው አይሉም? ያን ሁሉ ሻይ ሲጠጡ አፍ አልነበራቸውም? የጣታቸውን አሻራ በቀለም መሸፈን ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። ብሩሹን ይዤ ረፋዱን ሙሉ ተቀመጥኩና፣ እየተራገምኩ ጭቃውን እስከ ጉልበቷ አወጣሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሥዕሉን በአንድ እጄ፣ ጫማቸውን በሌላው ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። ሥዕሉን ጎንበስ ብለው አዩት። ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ግን ልጄ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ግራ እግሯ ነበር የበለጠ የቆሸሸው።"

የጃይፑሩ አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ ነው። በሆዴ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ተሳደብኩ። ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አልኩና ከትከሻ ቦርሳዬ ብሩሼንና ቀለሜን አወጣሁ።

"እስከ የት ድረስ?" አልኳቸው።