ሳይጠሩ የሚመጡ ጎረቤቶችና የእኔ ኮምፒውተር

ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ! አንተ ወዲያ፣ በሩን ግጠመው፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ወሬ ይወዳል፣ ሰተት ብሎ ይገባል። አንቺም ስልክሽን ድፊው። ስልክ የሚያይ ሰው ጆሮው አይሰማም፤ ይኼ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። ማን አረጋገጠው እንዳትሉኝ፣ እኔ ነኝ። ጸጥ! ከመሀል የሚያቋርጠኝ ሰው ካለ ከመጀመሪያው ነው የምጀምርላችሁ፤ ወላሂ እጀምራለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጧት እንደነቃ ተስፈንጥሮ የሚነሳ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ሽማግሌ ሲነቃ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ አንድ ዓይኑን ይከፍትና ቤቱ የራሱ መሆኑን ያጣራል። ከዚያ ጉልበቱን ያማክራል፣ ወገቡን ይለምናል፣ ያስላል፣ ቢስሚላህ ይላል፣ ትናንት ማን እንዳስቀየመው ያስታውሳል። ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እግሩ መሬት የሚነካ። ታዲያ ለሰው ሲሆን ክብር የሚባለው ነገር ለኮምፒውተር ሲሆን ምነው በሽታ ተባለ?

እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቤቴ ፊተኛው ክፍል ውስጥ ስለተቀመጠው ኮምፒውተሬ ነው የማወራችሁ። ዱሮ ያ ክፍል ሱቅ ነበር። እኔ ይማም፣ ስምንተኛ ክፍልን በመስኮት አይቼ የተመለስኩት ሰውዬ፣ ሚሞሪ ጫኝ ነበርኩ። እናንተ አሁን ዘፈን ሲያምራችሁ ጣታችሁን ነካ ነው። ያን ጊዜ ግን ሰው የስልኩን ሚሞሪ ነቅሎ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ እኔም ከኮምፒውተሬ ላይ የወደደውን እጭንለታለሁ። ሰኞ ገበያ ሲቆም የቦሩ ሜዳ ሰው ዶሮውን በብብቱ ይዞ፣ ጥፍር የምታህለውን ሚሞሪ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይገባል። አንዱ መንዙማ ይላል፣ አንዱ መዝሙር ይላል፣ አንዱ ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይልና ዘፈን ይላል። አንድ ቀን የአንዱን ለሌላው አቀያይሬ ጫንኩላቸው። ይመለስልኝ ብሎ የመጣ ግን የለም። ወሎ እኮ ነው!

ታዲያ ጧት ጧት አዝራሩን እጫንና አግዳሚው ላይ ቁጭ እላለሁ። ኮምፒውተሩ ማቃሰት ይጀምራል። እሱ ሲያቃስት ከፊት ለፊት ልብስ ሰፊው ሰይድ መኪናውን ትቶ ይመጣል። ታደሰም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎራ ይላል። ተነሳ? ይላሉ። ኧረ ገና ነው እላለሁ። እንግዲያውስ እንቀመጣ ይላሉ። እንግዲህ መቀመጫ ከተገኘ ወሬ ይጠፋል? ማን ወለደች፣ የማን ላም ጠፋች፣ የማን ልጅ ሽማግሌ ተላከባት። ሰይድ የታደሰን ኮት አይቶ ይኼ ከኖህ መርከብ የተረፈ ነው ወይ ይለዋል፤ ታደሰ ደግሞ አንተ የሰፋኸው ነው እኮ ይለዋል። ተጣልተው የከረሙ ባልና ሚስት እንኳ እዚያ አግዳሚ ላይ ታርቀዋል፤ ኮምፒውተሩ ቶሎ ቢነሳ ኖሮ እስከዛሬ ተፋትተው ነበር።

አንድ ቀን ሰይድ የሶላት ሰዓት የሚናገር ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ጫነልኝ። ገንዘብ ስትቆጥር ዙህር እንዳያመልጥህ ነው አለኝ፣ ይኼ መርፌ! ታደሰ ይኼን አይቶ ሊቀርበት ነው? እሱም በሳምንቱ የጾምና የበዓል ቀን መቁጠሪያ ከእህቱ ልጅ አስገልብጦ መጣ። የጎረቤትህን ጾም እወቅ አለኝ። ሌላው የቫይረስ መከላከያ ጫነ፣ ሌላው መዝገበ ቃላት፣ ሌላው ደግሞ ስክሪኑ ላይ አበባ የሚያረግፍ ነገር፤ ለምን እንደሚረግፍ እሱም አያውቅም። አንዱንም አልመለስኩም። እናንተዬ፣ ሰው አምሮት ያመጣውን ነገር ቤቴ አይገባም ብሎ የሚመልስ ፊት ከየት ይመጣል?

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ጊዜው ሄደ። ኢንተርኔት ሰዉ ኪስ ውስጥ ገባ፣ ሚሞሪዬም ቀረ። የሰይድ ጉልበት የደሴን ብርድ አልችል አለና ሐኪሙ ቆላ ውረድ አለው፤ ኮምቦልቻ ልጁ ዘንድ ወረደ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አንተም ትመጣለህ አለኝ። እሱን ጉልበቱ ያዘው። እኔን ደግሞ… እኔን ሥራ ያዘኝ። ምን ሥራ እንዳትሉኝ። ታደሰንም ፈጣሪ ወሰደው፤ ነፍሱን ይማር፣ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። አግዳሚው ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

ብቻዬንም አልልም። ጧት አዝራሩን ስጫን የሰይድ አዛን ይመጣል። ቀጥሎ የታደሰ ቀን መቁጠሪያ ጾሙን ይናገራል። ከዚያ ያ የማይረባ አበባ ይረግፋል። ሁሉም ተራ በተራ ሰላም ብሎኝ ነው ኮምፒውተሩ የሚነሳው። ይኼ መዘግየት ይባላል?

በቀደም ሰኞ ታዲያ ጉድ ፈላ። የታደሰ ባለቤት አስካለ ጉንፋን ይዟት ከርሟል። መዲና፣ ባለቤቴን ነው፣ ገንፎ ላገንፋላት አለችና እንደ ልማዷ፣ ጾም መሆን አለመሆኑን እይ አለችኝ። የቤታችን ሕግ ነው፤ ጾሙ ሳይጣራ ወደ ታደሰ ቤት ሳህን አይወጣም። ታደሰ በነበረ ጊዜ ራሱ ይነግረን ነበር፤ ከሞተ ወዲህ የሚጠየቀው ኮምፒውተሩ ነው። ተጫንኩት። አቃሰተ። ስክሪኑ ላይ የሆነ እንግሊዝኛ ጽፎ ቆመ፤ ከክረምት ጀምሮ ያመጣት አመል ናት። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲያናግሩኝ ክርክር አልወድም፣ ያገኘሁትን ቁልፍ እጫንና እሺ እላለሁ። አለፈ። አዛኑም፣ አበባውም፣ ሁሉም መጣ። በመጨረሻ የታደሰ ቀን መቁጠሪያ ዛሬ ጾም የለም አለ። እኔም እንደ ሙፍቲ ጉሮሮዬን ጠርጌ አወጅኩ። መዲና ቅቤውን ማፍሰስ ነው! መሀሉ ላይ እንደ ሐይቅ ተኛ። ራሴ ይዤ ሄድኩ።

አስካለ ክዳኑን ከፈት አደረገችው። ቅቤውን አየች። እኔን አየች። ከዚያ እንደዚያ የያዛት ሳል እስኪያንቃት ድረስ ሳቀች። ይማሜ፣ ዛሬ እኮ ጾመ ነነዌ ገባ አለችኝ። አላሳፈረችኝም፤ ሐሙስ ድረስ ይቆየኛል ብላ ከደነችው። ገንፎ ሐሙስ ድረስ ሲቆይ አስቡት!

መዲና ግን አልከደነችውም። በእኔ ድስት፣ የታደሰ ሚስት፣ በጾም ቀን፣ ቅቤ! እያለች ግቢውን ዞረችው። ዞራ ዞራ ፍርዱን ሰጠች፦ ይኼ ሳጥን ወይ ይሠራል፣ ወይ ቅዳሜ ቆራሌው ሲያልፍ አሸክመዋለሁ። ቆራሌው ደግሞ የቅዳሜ ሰዓቱን አያዛንፍም፤ እንደኔ ኮምፒውተር አይደለም።

ምን ላድርግ? የእህቴን ልጅ ሐያትን ደወልኩላት። ኮምቦልቻ ኮምፒውተር መጠገኛ አላት፣ ማሻአላህ። አርብ በሚኒባስ የሐረጎን አቀበት ወጥታ መጣች። ገና ከመግባቷ፣ አጎቴ፣ አባ ሰይድ ሰላም ብለውዎታል፣ ያ ኮምፒውተር ዛሬም አልተነሳም ወይ ይላሉ አለችኝ። እዩት፣ ዱላውን በሰው እጅ ልኮ ይመታኛል።

ለመነሳት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል አለችኝ። በክረምት ነው በበጋ አልኳት። ሳቀችና ተጫነችው። ያ እንግሊዝኛ መጣ። እሷ እንደኔ እሺ አላለችም፣ አነበበችው። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን ታሳየኝ ጀመር። ሱብሃነላህ! ለካ ውስጡ ሰዓቱን የምትጠብቅ አንዲት የኮት ቁልፍ የምታህል ባትሪ አለች፣ እሷ ሞታለች። እኔ ደግሞ ማታ ማታ እሳት ፈርቼ ገመዱን እነቅላለሁ። በነቀልኩት ቁጥር የትናንቱን ይረሳና ጧት ሲነቃ ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል። አስባችሁታል? እኛ እዚህ እናረጃለን፣ እሱ ዱሮ ላይ ነው የሚነቃው! እሱ በሚነቃበት ቀን ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን እየመጣ ነው፣ ሰይድም ከፊት ለፊት እየሰፋ ነው፣ ነነዌ ደግሞ አልደረሰም። የታደሰ ቀን መቁጠሪያ ምን አጠፋ? የነገሩትን ቀን ይዞ ቆጠረ።

እንግዲያውስ አትንኪው፣ እኔንም እዚያው ውሰጂኝ አልኳት። አጎቴ፣ እዚያም ቢሄዱ ወገብዎ ያው ነው አለችኝ። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች፣ የዚያን ጊዜ ወገቤ ሌላ ነበር።

ባትሪዋን ቀየረች። ሲፒዩውን ደጅ አውጥታ ከፈተችና በመንፊያ ስትነፋው ግማሽ ደሴ ከውስጡ ወጣ። የስንት ሰኞ ገበያ አቧራ! ከዚያ መልሳ ገጣጠመችና፣ ዋናው በሽታ ይኼ ነው ብላ አንድ ነገር ከፈተችልኝ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሳይጠሩ አብረው የሚነሱት ተሰልፈዋል። ይኼ ያስፈልግዎታል? ትለኛለች። እሱ የሰይድ ነው። ይኼስ? የታደሰ ነው። ይኼ አበባ እንኳ ይጥፋ? ልጄ፣ ያን የጫነው ሰው አሁን ሐርቡ ከተማ ሚስት አግብቶ ነው ያለው፣ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? ጭንቅላቷን ያዘች። አብሽሩ አጎቴ፣ አላጠፋቸውም፣ ሁሉም እዚሁ ይኖራሉ፣ ሲፈልጓቸው ብቻ ይጠሯቸዋል አለችኝ። እኔም፣ ሲጠሩት ብቻ የሚመጣ ጎረቤት ነው ወይስ ጠበቃ? አልኳት። እየሳቀች አጠፋፋቻቸው።

ይጫኑት አለችኝ። ተጫንኩት። እንደ ልማዴ ወደ አግዳሚው ዞር አልኩ። ቁጭ ሳልል ተነስቶ አገኘሁት! ቢስሚላህ እንኳ አላስጨረሰኝም። አዛን የለም። ታደሰ የለም። አበባው የለም። ቀኑ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ስክሪኑ ጭር ብሏል፤ ሠርገኛው የሄደበት ድንኳን መሰለኝ። መዲና ከጓዳ እልል አለች፤ ለነገር ነው።

እኔ ግን ሐያትን ያዝኳት። ባትሪሽ ትቆይ፣ መንፋትሽም ትቆይ፣ እነሱን ግን እንደነበሩ መልሺልኝ አልኳት። መቼም ምላስ አይቸግረኝም፤ ተናገርኩ። ቶሎ የሚነሳ ነገር ማንን ያስቀምጣል? ማንስ መጥቶ ተነሳ ወይ ብሎ ይጠይቃል? የማልጠብቀው ነገር ካለ እዚህ አግዳሚ ላይ ምን ብዬ ነው የምቀመጠው? እኔ እኮ ኮምፒውተሩን አልነበረም የምጠብቀው፣ ከሱ ጋር የሚመጡትን ነው! አልኳት። ልጅቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇ ማውሱን ያዘ። ልትመልሳቸው ነው። ረታሁ አልኩ፣ ወላሂ ረታሁ!

ይኼኔ መዲና ማማሰያዋን እንደያዘች በር ላይ ቆመች። መጀመሪያ የሐያትን እጅ ከማውሱ ላይ አነሳችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ስማ አንተ ሰውዬ! ታደሰን ፈጣሪ ወስዶታል፣ አዝራር ተጭነህ አታመጣውም። ሰይድ ግን ይኸው ኮምቦልቻ ቁጭ ብሏል፣ ይቺም ልጅ አሁን ልትወርድ ነው። ኮምፒውተሩ ተሠርቷል፤ የቀረኸው አንተ ነህ። ጫማህን አድርግ!»