ከሱስ የጸዳው መሥሪያ ቤት

መሥሪያ ቤታችን ሱስን ድል የነሳው በሦስተኛው ሩብ ዓመት፣ ከተያዘለት ዕቅድ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው። ይህን ታላቅ ገድል ለትውልድ ማቆየት የሠራተኛ ሁሉ ግዴታ ስለሆነ፣ እኔም ከጽሕፈት ክፍሉ መስኮት ሥር ተቀምጬ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ።

ድል የተነሳው ሱስ የጋሽ መዝገብ ሲጋራ ነበር። ጋሽ መዝገብ የምንለው የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ፋይል ሲያገላብጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሲያጨስ የኖረ ሰው። ሌላ አጫሽ ጠፍቶ አይደለም። አጫሾችን የሚመዘግበው ቅጽ ሲታደል ሌሎቹ «አላጨስም» ብለው ሞሉ፤ እሱ ብቻ እውነቱን ጻፈ። ሐኪሙ «ካሁን በኋላ ሳንባህ ቀልድ አይችልም» ብሎት ስለነበር፣ ማንም ይምጣ ማን፣ የሚረዳው ሰው ይፈልግ ነበር።

ሱስ የማስተዊያው ሥልጠና በኮምፒውተር ነው። የሲጋራ ሥዕል ብቅ ሲል ከማሽኑ ጋር የተያያዘውን እጀታ ገፍቶ ማራቅ፣ የብርቱካን ወይም የውሃ ሥዕል ሲመጣ ወደ ራስ መሳብ። እጅ መግፋትን ሲለምድ ሐሳብም ይከተለዋል ነው ነገሩ። ፕሮግራሙን ያመጣችው የኮምፒውተር ባለሙያችን ግን ገና ከጅምሩ አስጠንቅቃ ነበር።

«ይሄ ብቻውን አይበቃም። ሰውየው በሳምንት ሁለቴ ከአማካሪ ጋር መነጋገር አለበት። ማሽኑ አጋዥ ነው።»

«መነጋገር በመቶኛ ስንት ይሆናል?» አሉ ሥራ አስኪያጃችን።

«በመቶኛ አይለካም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርገው?»

በዚህ በሳል ጥያቄ መነጋገሩ ከዕቅዱ ወጣ።

ጋሽ መዝገብ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ሲገፋና ሲስብ ከረመ። በመጀመሪያው ሳምንት ሥልሳ አንድ በመቶ፣ በስድስተኛው ዘጠና ስምንት በመቶ አገኘ። ከማሽኑ ሲነሳ በቀጥታ ወደ ሕንፃው ጓሮ ይሄዳል።

«ድሮ በቀን አሥር ጊዜ ነበር ሲጋራ ትዝ የሚለኝ» አለኝ አንድ ቀን እሳት እየጫረ። «አሁን ማሽኑ በሃያ ደቂቃ መቶ ጊዜ ያስታውሰኛል።»

በምረቃው ቀን ሥራ አስኪያጃችን ረጅም ንግግር አደረጉ። «አመል ያወጣል ከመሐል ይባል ነበር፤ እኛ ግን አመልን ከመሐል አወጣነው» ሲሉ ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል ጋሽ መዝገብ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ አሁንም እያጨስኩ ነው።»

«አታጨስም። ሪፖርቱ ሄዷል።»

«ፓኮው ኪሴ ውስጥ ነው።»

«በሰነድ ደረጃ የለም» አሉና ለፎቶግራፍ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ማሽኑ ተበላሸ። መለዋወጫ እስኪመጣ ባለሙያዋ ሥራ ስለፈታች፣ በሥልጠናው ሰዓት መዝገብ ቤት እየሄደች ከሰውየው ጋር ትቀመጥ ጀመር። ዕቅድም ቃለ ጉባኤም ያልነበረው ተግባር ስለሆነ አላበረታታነውም።

«ጋሼ፣ መቼ ነው በጣም የሚያምርዎት?» ብላ ጠየቀችው።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። 

«ማታ፣ የቤቴን በር ከመክፈቴ በፊት። ልጃችን አግብታ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ዝም ብሏል። እኔና ባለቤቴ ወሬ አልቆብናል። ደጅ ቆሜ አንድ አጨስና እገባለሁ፤ ቆይቼ ደግሞ እወጣለሁ።»

«ዛሬ ሳያጨሱ ይግቡና ይህንኑ ለባለቤትዎ ይንገሯቸው።»

ነገራት። ሚስቱም «እኔ ደግሞ የሸሸኸኝ መስሎኝ ነበር» አለችው። ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ አብረው በእግራቸው ይወጡ ጀመር። ሁለት ጊዜ አገረሸበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ለባለሙያዋ ተናገረ። ማሽኑ ሲጠገን እጀታውንም መግፋቱን ቀጠለ፤ እንደረዳው ራሱ ይመሰክራል። በአራተኛው ወር ተወ። በሰነድ ደረጃ አስቀድሞ የተወ ስለነበር ያጨበጨበለት የለም።

ይህን ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት ልዑካን እንደሚመጡ ተነገረን። አንድ አጫሽ በዓይናቸው ፊት ሲሠለጥን ማየት ፈለጉ።

«ለአንድ ቀን አጭስ» አሉት ሥራ አስኪያጃችን።

«ትቻለሁ እኮ።»

«መተውህንማ ከአንተ በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሥራ ነው።»

«እንግዲያው በደብዳቤ ይድረሰኝ።»

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ከነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ቀን ወደ ቀድሞ ሱስዎ እንዲመለሱ እናሳስባለን» ይላል። ጋሽ መዝገብ ቁጥር ሰጥቶ ፋይል ውስጥ አስገባው። አላጨሰም። ሌሎቹ አጫሾች ደግሞ በቅጹ መሠረት ስለማያጨሱ መቅረብ አልቻሉም።

ሥራ አስኪያጃችን በዕድሜያቸው ሲጋራ ቀምሰው አያውቁም። የመሥሪያ ቤቱ ክብር ሲነካ ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ራሳቸው ለኩሰው ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ልዑካኑ «ከኃላፊው የጀመረ ለውጥ!» ብለው ተደሰቱና፣ መሻሻላቸው ለስድስት ወር በየወሩ ሪፖርት እንዲደረግ አዘዙ። መሻሻል እንዲኖር መጀመሪያ ማጨስ ያስፈልጋል። እሳቸውም ግዴታቸውን በትጋት ተወጡ። አሁን ውጤታቸው ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ነው። በቀን አንድ ፓኮ አይበቃቸውም።

ባለፈው ሳምንት መስኮቱ ክፍት ነበርና ከጓሮው ድምፅ ሰማሁ። ሥራ አስኪያጃችን እያሳሉ ነበር። ጋሽ መዝገብ ውሃ ይዞላቸው መጥቷል።

«አንተ እንዴት ተውከው?» አሉት ቀስ ብለው።

«ከሰው ጋር ተነጋገርኩ፣ ጌታዬ።»

ውሃውን ተጎነጩ። «እኔ ለማን ልናገር? እዚህ ያለው ሁሉ የበታቼ ነው።»

«እኔ ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ነው የቀረኝ። ለኔ ይንገሩኝ» አለና የወረቀት ካርቶን ገልብጦ አስቀመጣቸው።

ሥራ አስኪያጃችን ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በቅድሚያ» አሉ፣ «ለዚህ መድረክ መሳካት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ላበረከታችሁ ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።»